«ሶብር አድርጊ» ያልኳት ሴት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ልትጠይቀኝ መጣች። ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ስንጫወት ቆይተን ድንገት «ሲስተር፣ ያለቀሰ ሰው ሶብር አላደረገም ማለት ነው?» አለችኝ። ሶብር ያለችው ትዕግሥትን ነው። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አፌ ተያዘ። ጥያቄዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደኋላ፣ ወደ አንዲት ሌሊት መለሰኝ።

እናንተም ወጣቶች ስለሆናችሁ፣ ያቺን ሌሊት ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ እኔም ጀማሪ ነበርኩ። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ማዋለጃ ክፍሉ ሞልቷል። አንዲት ሴት ምጧ ገፍቶ መጣች። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ባደርግ የልብ ምት የለም። ቦታ ቀይሬ አዳመጥኩ። አሁንም የለም። ሐኪሙ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምጥ ያየ ያውቀዋል። ሕመሙ ያው ነው። መግፋቱም ያው ነው። መጨረሻው ላይ ግን የሕፃን ድምፅ የለም።

ወንድ ልጅ ነበር። መልኩ የተኛ ይመስላል። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ እናቱ ጮኸች።

እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ሶብር አድርጊ እንጂ! ሙስሊም አይደለሽ እንዴ?» አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ዝም አለች። ልጁን ስጠቀልለው ቀና ብላ «ላየው?» አለችኝ። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። «ባታይው ይሻልሻል» አልኩና ይዤው ወጣሁ። ሌላ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችኝ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለቅሶዋን መስማት አቅቶኝ ነበር።

ጠዋት ተረኝነቴን ሳስረክብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ባልደረባዬ «ሶብሯ ደስ ሲል!» አለች። እኔም ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዝም ያሰኘኋት እኔ ሆኜ፣ ዝምታዋን ኢማን፣ የእምነት ጥንካሬ ብዬ ቆጠርኩት።

ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ሐዲስ ነበር። ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ኢማም ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቃብር አጠገብ በምታለቅስ ሴት በኩል ሲያልፉ «አላህን ፍሪ፣ ሶብርም አድርጊ» አሏት። እዚህ ድረስ በቃሌ ይዤዋለሁ። የቀረውን ልብ አላልኩትም። ሴትየዋ አላወቀቻቸውም። «ተወኝ፣ የኔ መከራ አልደረሰብህም» አለቻቸው። እሳቸውም አልተቆጧትም። ትተዋት ሄዱ። ማን እንደሆኑ ሲነገራት ደንግጣ ቤታቸው ሄደች። በሩ ላይ ጠባቂ አላገኘችም። «አላወቅኩዎትም ነበር» አለች። «ሶብር ማለት በመጀመሪያው ድንጋጤ ጊዜ ነው» አሏት። እስቲ አስቡት። የሰደበቻቸውን ያህል የተናገረቻቸው ሴት ናት። በደጃቸው ግን የሚመልሳት አልነበረም። የኔዋ ሴት የጠየቀችው ልጇን ለማየት ብቻ ነበር። እኔ መለስኳት።

ልጃቸው ኢብራሂም በጨቅላነቱ ሲሞትባቸውም ነብዩ አንብተዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ገርሞት «እርስዎም?» አላቸው። እንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት። ዐይን ታነባለች፣ ልብም ያዝናል፣ የምንናገረው ግን ጌታችን የሚወደውን ብቻ ነው አሉ። ነብዩላህ ያዕቁብም «መልካም ሶብር» ያሉ አባት ናቸው። በዚያው ሱራ፣ በሱረቱ ዩሱፍ፣ ከሐዘን ብዛት ዐይናቸው እንደነጣ እናነባለን። ስሞታቸውን ያቀረቡት ለአላህ ነበር እንጂ ሐዘኑስ ነበራቸው።

ለአዋላጅ ደግሞ ሱረቱ መርየም አለች። መርየም ምጡ ወደ ዘንባባው ግንድ ሲያስጠጋት «ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ» አለች። በዚያች ሰዓት ተግሣጽ አልመጣባትም። የመጣላት «አትዘኝ» የሚል ድምፅ ነው። ከበታቿ ምንጭ፣ ከላይዋ የሚረግፍ እሸት ተምር። ብዪ፣ ጠጪ፣ ዐይንሽም ይርጋ ተባለች። ይህን ሱራ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼዋለሁ። የገባኝ ግን ስንት ሴት ካዋለድኩ በኋላ ነው።

ሶብር በዐረብኛ መሠረቱ መያዝ፣ መግታት ነው። ዑለማዎች አላህን በመታዘዝ ላይ፣ ከወንጀል በመራቅ ላይና በሙሲባ (በመከራ) ላይ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናንተ በየቀኑ እየታገላችሁት ስለሆነ አልገባበትም። በሦስተኛው ላይ የሚገታው ምላስ ነው፣ አላህን እንዳያማርር። እጅም ይገታል፣ ጉንጭ እንዳይመታ፣ ልብስ እንዳይቀድ። ዐይን ግታ የተባለበት ቦታ አላየሁም።

አሁን ግን ራሴን የሚቃረን ነገር ልናገር ነው። ባለቤቴ የሞተ ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። ሁሉም «ሶብር፣ ሶብር» ይለኛል። ጆሮዬን መድፈን አማረኝ። «ይኸው፣ የዘራሁትን አጨድኩ» አልኩ በልቤ። አንዲት አሮጊት ግን መጥታ እጄን ያዘች። ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ኮስተር ብላ «በይ ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን በይ፣ ሶብር አድርጊ» አለችኝ። እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው። አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው መተንፈስ የቻልኩት። ያው ቃል ነው። ስለዚህ ለሐዘንተኛ ሶብር አትበሉ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። አሮጊቷ እጄን ይዛ እንደነበር ግን አልረሳም።

የዛሬ ወጣቶች ነገር ትንሽ ያሳዝነኛል። ሰው ሲሞት በስልክ «ሶብር ይስጥህ» ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ከሥሩ የምታለቅስ ፊት ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። መሄድ ቀረ። አጠገብ መቀመጥ ቀረ። ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። አውቃለሁ ብዬ ስለነበር።

ነብዩ ከመካ ቁረይሾች ጋር ባደረጉት የሑደይቢያ ስምምነት ቀን፣ ባልደረባቸው ዑመር (ረ.ዐ.) ውሉ ከብዷቸው ከነብዩ ጋር ተከራክረዋል። ዘመኑ 6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ኋላ ላይ ለዚያች ንግግራቸው ብለው ብዙ መልካም ሥራ ሲሠሩ እንደኖሩ ተናግረዋል። እኔ የዑመር ሩብ አይደለሁም። ግን ከዚያች ሴት በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶም ቢሆን፣ ልማዴን ቀየርኩ። ልጁ ሞቶ ሲወለድ እናቱን «ማየት ትፈልጊያለሽ?» እላታለሁ። ካልፈለገች አላስገድዳትም። ከፈለገች አጥቤ፣ ጠቅልዬ ክንዷ ላይ አኖርላታለሁ። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። አንዳንዷ ትስመዋለች። አንዳንዷ ጣቶቹን ትቆጥራለች። የምትጮኽም አለች። አብሬያት እቀመጣለሁ።

ለወጣቷ ነርስ ይህን ሁሉ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ «ያቺን ሴት አግኝተው ይቅርታ ጠየቁ?» አለችኝ። አላገኘኋትም። የዚያን ሌሊት መዝገቡን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ስሟን በእጄ ጽፌዋለሁ። አሁን ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ከሱብሒ በኋላ ዱዓ ሳደርግላት «ያ አላህ፣ ያቺ ልጇን ያላሳየኋት» እላለሁ።