ልጄ ከአንጎል ጉዳት ሲያገግም ያየኋቸው ስድስት ዓመታት፦ ለወላጆች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምኖር መምህርት ነኝ። ልጄ የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ በግንባሩ አስፋልት ላይ ወደቀ፤ 11 ቀንም ራሱን ሳያውቅ ቆየ። አሁን 21 ዓመቱ ነው። ሐኪም ባልሆንም በእነዚህ ዓመታት ከሐኪሞች የሰማሁትንና በቤቴ ያየሁትን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ሆስፒታል በገባ ቀን ካርዱ ላይ «7 ከ15» ተብሎ ተጽፎ አየን። ተስፋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ የግላስጎው ኮማ ስኬል የሚባለው የንቃት መለኪያ ነው፤ ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የወጣ ሲሆን፣ ዐይን ለመግለጥ እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ድምር 3 ነው። 8 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ጉዳቱ ከባድ ነው ይባላል። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ስለዚያ ሰዓት ንቃት እንጂ ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው አይደለም። የእኔ ልጅ ያን ቀን 6 ነበር። ከነቃ በኋላ ደግሞ የትናንቱን ነገር ዛሬ ማስታወስ የጀመረበትን ቀን መዝግባችሁ ያዙ፤ ከአደጋው እስከዚያ ቀን ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን ማገገሙም ረጅም እንደሚሆን ሐኪሞች ይገምታሉና በኋላ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሆስፒታል ከወጣ አራት ወሩ ነው። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ጠባሳውም ጠፍቷል። ነገር ግን ያ ጨዋ ልጅ ዛሬ ይሳደባል፣ ዕቃ ይወረውራል። ጎረቤት «ጠግቦ ነው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ቃል እኔም ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ከአደጋው ይልቅ ያደከመኝም እርሱ ነው። ከግንባር አጥንት በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ቁጣን የሚገታና ከመናገር በፊት የሚያሳስብ ነው፤ በጤነኛ ሰው እንኳ ብስለቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ፣ በጉርምስናው የተመታ ልጅ ልጓሙ ገና ሳይጠብቅ ተበጥሶበታል ማለት ይቻላል። እኛ ያደግነው ባቡር በቆረቆራት ከተማ ነውና አንድ የሐዲድ ሠራተኛ ታሪክ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1848 ፊኒያስ ጌጅ የተባለ አሜሪካዊ ድንጋይ ሲያፈነዳ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ ከግንባሩ በስተጀርባ ያለውን አንጎል በስቶ በአናቱ ወጣ፤ ከሞት ቢተርፍም ጠባዩ ስለተለወጠ የሚያውቁት ሰዎች ሌላ ሰው ሆነ አሉ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይተወዋል፤ እኔን ያጽናናኝ ግን ተከታዩ ነው፤ ያ ሰው በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል፤ ይህም ሥርዓትና ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው።

በቤቴ ያደረግሁትን ልንገርዎ። ቁጣው የሚነሣው ቡና ተፈልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር መሆኑን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቴሌቪዥኑን አጠፋን፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብቶ እንዲያርፍ ፈቀድንለት፣ ሲቆጣ መልስ መስጠት ትተን ነገሩን በማግሥቱ ጠዋት አነሣንበት። ቁጣው አልጠፋም፤ በቀን ሁለት ጊዜ የነበረው ግን በወር ሁለት ጊዜ ሆነ። በቁጣው ሰዓት ምክር አይስጡት፤ አይሰማዎትምና በከንቱ ትጎዳላችሁ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ተመልሶ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ይተኛል። መምህሩ ሰነፍ ነው አሉኝ።

መልስ፦ እኔ ራሴ መምህርት ሆኜ ሳለ ልጄን በዚሁ ቃል ጠርቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። የተጎዳ አንጎል ሌላው ሰው ሳያስብ የሚሠራውን ነገር በብዙ ድካም ስለሚሠራ ቶሎ ይዝላል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ያባብስበታል። ልጄ በተማረበት ትምህርት ቤት ሲያንቀላፋ አስነሥተው ያቆሙት ነበር፤ ይህም ድካሙን ወደ ጠብ ከመለወጥ በቀር ያመጣለት ነገር የለም። ርእሰ መምህሩን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ከሐኪሙም ማስረጃ ያያይዙ። ለጥቂት ወራት እስከ ዕረፍት ሰዓት ብቻ መማር፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ ከፊት ወንበር መቀመጥና የሰሌዳውን ጽሑፍ ከጓደኛው ደብተር መገልበጥ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከስምንት ወር በኋላ ድንገት ወድቆ ተንፈራገጠ። ክብሪት አሸተትነው። ልክ ነበርን?

መልስ፦ ክብሪቱ አይጠቅምም። በጎኑ አስተኙት፣ ሊመታው የሚችለውን ዕቃ አርቁ፣ በአፉ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የጭንቅላት ጉዳት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ቢነቃም እንኳ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለናል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እናቁም?

መልስ፦ አታቁሙ። እኔም ታኅሣሥ 19 ስለቴን ይዤ ወጥቻለሁ፤ የልጄ ክኒን ግን በቦርሳዬ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ሊበረታ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቹ በርጫ ይጠሩታል። ብከለክለው ብቸኛ ይሆናል።

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ በእኛ ከተማ ወዳጅነት ከሰዓት በኋላ ከበርጫ አይለይም። ጫት ግን እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣትም ለተጎዳ አንጎል እጅግ ጎጂ ነው። እኔ ጓደኞቹን በጠዋት ለቁርስ መጥራት ጀመርሁ። ሁለቱ ዛሬም ይመጣሉ፤ ሌሎቹ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ልጅዎ ወደ ድሮው ተመለሰ?

መልስ፦ አልተመለሰም። ሒሳብ የሚወድደውን፣ የሰማውን ቀልድ ሁሉ የሚያስታውሰውን ልጅ እስከ አሁን እናፍቀዋለሁ፤ ይህን ማለት ያለውን ልጅ መጥላት እንዳልሆነም ተምሬያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብዙ ነገር በፍጥነት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ለውጡ የሚታየኝ ዓመትን ከዓመት ሳስተያይ ነበር፤ በአራተኛው ዓመትም ቢሆን አዲስ ነገር ያዘ። አሁን ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የስልክ ጥገና ሱቅ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ የታዘዘውን በኪሱ ባለች ደብተር ይጽፋል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤት ገብቶ ይተኛል። አሠሪው በአንድ ጊዜ አንድ ስልክ ብቻ ይሰጠዋል።