የሚፈራው ፓፍ፣ የማይፈራው መርፌ

አስም አለብኝ፣ የምሠራውም ፋርማሲ ነው። ስለዚህ ስቴሮይድን፣ ቁጣና እብጠት የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ከባንኮኒው በሁለቱም በኩል ቆሜ አውቀዋለሁ። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በዚሁ ላይ ናቸው፤ ሳነባቸው አንድ ነገር ገረመኝ። በየቀኑ በአፍ የምትነፋዋን ትንሿን መድኃኒት፣ ፓፏን፣ ሰው እንደ ጅብ ይፈራታል። መርፌውን፣ ኪኒኑን፣ የፊት ቅባቱንና የዓይን ጠብታውን ደግሞ እንደ ከረሜላ ይወስዳል። ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ለአስሙ ጠዋትና ማታ የሚነፋ ቤክሎሜታዞን ታዞለታል። ጎረቤቴ «ይለምድበታል፣ እድገቱንም ያቆመዋል» ስላለችኝ ሲያመው ብቻ ነው የምሰጠው። አጠፋሁ? (እናት፣ ከአዳማ)

እህቴ፣ «ይለምድበታል» የሚለውን ተዪው። ሱስ የሚያስይዝ ነገር አይደለም። ሲቋረጥ አስሙ የሚመለሰው መጀመሪያውኑ ስላልሄደ ነው።

የእድገቱ ነገር ግን እውነትነት አለው፣ አልዋሽሽም። በየቀኑ የሚወስዱ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ቁመታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ባነሰ፣ ወደ ኋላ ሊል ይችላል። በየዓመቱ እየተደመረ ግን አይሄድም። ለብዙ ዓመታት ክትትል የተደረገላቸው ልጆች አዋቂ ሆነው ሲለኩም ልዩነቱ ያው አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነበር። ሌሊት ሌሊት እያሳለው ሲነጋ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ሲያቅተው ከሚያጣው ጋር አመዛዝኚው። በደንብ ያልታከመ አስም ራሱም እድገት ይጎትታል። ሐኪሙ በየጊዜው ቁመቱን ይለካው፣ መጠኑንም አስሙን በሚይዘው ዝቅተኛ ልክ ያድርግለት። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው።

«ሲያመው ብቻ» ያልሽው ላይ ነው ችግሩ። ሲያመው የሚነፋው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሳልቡታሞል ነው፤ የተኮማተረውን የአየር ቱቦ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍትና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ከሥር ያለውን ቁጣና እብጠት አይነካውም። ጣሪያው ሲያፈስ ሳፋ እንደማስቀመጥ ነው። ጣሪያውን የሚጠግነው ስቴሮይዱ፣ ቤክሎሜታዞኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። ልጁ እያጣጣረ ቤክሎሜታዞን ብትነፊለት በዚያ ሰዓት ምንም አያደርግለትም፤ ያኔ «ይሄ መድኃኒት አይሠራም» ትያለሽ።

ሌላው፣ የ7 ዓመት ልጅ ፓፉን በቀጥታ አፉ ላይ አድርጎ በትክክል መሳብ ይከብደዋል። ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ፣ ያስፈልገዋል። ከጠፋ ወይም ከተወደደ የሃይላንድ ፕላስቲክ ያገለግላል፤ ቀልዴን አይደለም። ኬፕ ታውን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት፣ ሥሩ በፓፉ አፍ ልክ የተበሳ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ አስማቸው ለተነሳ ልጆች ሳልቡታሞል ሲሰጥበት ከተገዛው ስፔሰር አላነሰም። ቀዳዳው ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በደንብ ይደፈን እንጂ።

ፓፉን ከጀመርኩ ወዲህ ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ ድምፄም ጎረነነ። ላቁመው?

አታቁሚው። ጉሮሮሽ ላይ የቀረው መድኃኒት ነው ፈንገስ የሚያመጣው። ከነፋሽ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጠሽ ትፊ፣ አትዋጪው። ስፔሰርም ይረዳል። እኔ ዘዴዬ ቀላል ነው፣ ጥርሴን ልቦርሽ ስል እነፋዋለሁ፣ መጉመጥመጡ ራሱ ይመጣል። አሁን የወጣውን ግን አሳይተሽ መድኃኒት ውሰጂበት።

አስሜ በየወሩ ይነሳል። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ዴክሳ ይወጉኝና ወዲያው ይለቀኛል። ፓፍ ሳንባ ያደርቃል ስለሚሉ ሸሽቼዋለሁ። መርፌው ይጎዳኝ ይሆን? (ሹፌር፣ 34 ዓመት)

ወንድሜ፣ ሳንባ የሚያደርቅ ፓፍ የለም። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ቤክሎሜታዞን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከስቴሮይድ ሸሽተህ የሄድከው ወደ ስቴሮይድ ነው፣ ያውም ወደ ታላቅየው።

ለአዋቂ በፓፍ የሚታዘዘው ቤክሎሜታዞን ለምሳሌ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው እንበል። አስም በጠና ሲነሳ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ግን በቀን 40 ሚሊ ግራም ይደርሳል፣ ባለ 5ቱ 8 ፍሬ ማለት ነው፤ በሚዛን 100 እጥፍ። የመድኃኒቶቹ ጉልበት እኩል ስላልሆነ በሚዛን ብቻ ማወዳደር ልክ አይሆንም፣ ነገር ግን የመንገዱን ልዩነት እይ። ፓፉ ሳንባ ውስጥ ይሠራል፣ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ኪኒኑና መርፌው ከጭንቅላት እስከ እግር ይዞራሉ።

ጠንከር ላለ ጥቃት ለ5 ወይም ለ7 ቀን ፕሬድኒሶሎን መዋጥ ትክክለኛ ሕክምና ነው፣ ሕይወት ያተርፋል፣ እኔም ውጫለሁ። መዋጥ ለሚችል ሰው ኪኒኑ ከመርፌው አያንስም፤ እኛ አገር መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። የሚያስፈራኝ «በየወሩ» ያልከው ነው። በዕድሜ ዘመን 4 ወይም 5 ዙር እንኳ ሲደመር ጉዳቱ መታየት ይጀምራል፤ የአጥንት መሳሳት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የዓይን ሞራ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊት እንደ ድፎ ይነፋል፣ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ይቀሰቀሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው። በባዶ እግር ከአፈር ይገባና ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል፤ ሰውነት በስቴሮይድ ሲደክም ግን ተራብቶ እስከ ሞት ያደርሳል።

በየወሩ የሚነሳ አስም ያልተያዘ አስም ነው። በየቀኑ የሚነፋ ስቴሮይድ ያስፈልግሃል። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች ሰማያዊውን ብቻ ይዘው እንዲኖሩ አይመክርም። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ ባለ 200 ዶዝ ሳልቡታሞል የምትጨርስ ከሆነም፣ ለከባድ ጥቃት የተጋለጥክ ነህ ማለት ነው።

ሯጭ ነኝ። ስቴሮይድ ከሆነ ዶፒንግ አይሆንብኝም?

ጡንቻ የሚያፋፋው አናቦሊክ ስቴሮይድ ሌላ ነው፤ ስም ነው የተጋሩት። ሆኖም ዋዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፀረ ዶፒንግ ድርጅት በውድድር ወቅት የእኛውን ዓይነት ስቴሮይድ፣ ኮርቲኮስቴሮይድንም፣ የሚዋጠውንና የሚወጋውን ከልክሏል፣ ስለዚህ ያለ ፈቃድ መርፌ እንዳትነካ። በሐኪም በታዘዘልህ ልክ የሚነፋው ይፈቀዳል። ሳልቡታሞልም ገደብ አለው፣ በ24 ሰዓት 1600 ማይክሮ ግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 አይበልጥም።

ኢትዮጵያ እያለሁ አልነበረብኝም። ሜሪላንድ ከመጣሁ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ፀደይ በመጣ ቁጥር አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ሲያስነጥሰኝ ይውላል። የአፍንጫ ስፕሬይ ገዝቼ ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ አልሠራም። እናቴ «ሳይነስ ነው፣ ጤና አዳም አሽትቺ» ትለኛለች።

እናትሽን ሳሚልኝ። እኛ አፍንጫ የዘጋውን ሁሉ ሳይነስ ነው የምንለው፤ ያንቺ የዛፍ ብናኝ አለርጂ ይመስላል። አገር የቀየረ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በአዲሱ አገር ብናኝ መያዙ የተለመደ ነው።

ፍሉቲካዞንን የመሰለ የስቴሮይድ ስፕሬይ ከሆነ ሁለት ቀን አይበቃውም። ሙሉ ጉልበቱን ለማየት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ በየቀኑም ነው የሚወሰደው። ለከርሞ ዛፉ ሳያብብ፣ ከወቅቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። አነፋፉም ወሳኝ ነው፦ ጎንበስ በይ፣ በቀኝ እጅሽ ለግራው፣ በግራ እጅሽ ለቀኙ አፍንጫ ንፊ፣ ጫፉ ወደ ጆሮሽ አቅጣጫ ይዙር። መሃሉን ግድግዳ እየመታ ከቆየ ያነስራል። ሽቅብ በኃይል አትማጊው፣ ጉሮሮሽ ጋ ከደረሰ አፍንጫሽ አላገኘውም።

ለማዲያት የገዛሁት ቅባት ፊቴን አጥርቶልኝ ነበር። ሳቆመው ፊቴ ቀላ፣ አቃጠለኝ፣ ብጉር ወረረኝ። እንደገና ስቀባው ይሻለኛል።

ይህን በሳምንት ስንቴ እንደምሰማ ብነግርሽ። ቱቦውን ገልብጠሽ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶል ደግሞ ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ ከኃይለኛው ምድብ ነው። ለእጅና ለእግር ችፌ ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዝዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ በወራት ሲቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፣ ሲቆም ደግሞ ቆዳው ያኮርፋል። ያ ኩርፊያ ነው ወደ ቱቦው የሚመልስሽ። ለማዲያት ቅባቱን የሸጠልሽ ሱቅ የዚህን መውጫ አያውቀውም። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቱቦውንም ይዘሽ። ሲቆም የሚመጣው ቁጣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላልና እንዳትደነግጪ።

ልጄ ዓይኑን ሲያሳክከው የዴክሳሜታዞን ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛሁ አደርግለታለሁ። በየጊዜው ይመለሳል።

ይህኛው ያስቆጣኛል፣ የሸጠው የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ። የስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ አያምም፣ አይቀላም፣ ዝም ብሎ የዓይንን ነርቭ ይበላል፤ የጠፋ እይታ አይመለስም። የዓይን ሞራም ያመጣል። ቀሪውን ጠብታ ከእንግዲህ አታድርግለት፣ በዚህ ሳምንት ግፊቱ የሚለካበት የዓይን ክሊኒክ ውሰደው። ስቴሮይድ ያልሆኑ የአለርጂ ጠብታዎች አሉ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ አሁን ደግሞ ለአስም ፓፍ ታዘዘልኝ። ይጋጫሉ?

የምትወስደው ውስጥ ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለ ከፍሉቲካዞንና ከቡዴሶናይድ ጋር ይጋጫል፣ በአፍንጫ የሚነፋውም ቢሆን። ስቴሮይዱ እንዳይወጣ ስለሚያግዱት ደም ውስጥ ይከማቻል። ቤክሎሜታዞን ይሻላል። ዶሉቴግራቪር ያለበት ብቻ ከሆነ ግን ይህ ችግር የለም። ለሁለቱም ሐኪሞችህ ሁለቱንም መድኃኒት አሳያቸው።

ለአስሜ ሦስት ወር ሙሉ ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ቆይቻለሁ። አሁን ለሁለት ሳምንት ጠበል ልገባ ነው። መድኃኒቱን ትቼ ብሄድስ? (የ61 ዓመት አባት)

አባቴ፣ ይህንን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ከኩላሊት በላይ ያለች አድሬናል የምትባል ዕጢ በየቀኑ ኮርቲሶል፣ የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ፣ ታመርታለች። ኪኒኑ ከ3 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ዕጢዋ ሥራዋን ለእሱ ትታ ትተኛለች። በአንድ ጊዜ ካቆሙት ሰውነትዎ ሁለቱንም ያጣል፤ ድካም፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ከዚያም ራስ መሳት ይመጣል። በተለይ እየጾሙ፣ በብርድ ውኃ እየተጠመቁ። ኪኒኑ የሚቆመው ሐኪም እየቀነሰው ነው።

ጠበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ይውሰዱ። ስለ ጾሙ ሰዓት የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ። ስቴሮይድ እንደሚወስዱ የሚገልጽ ወረቀት ኪስዎ ውስጥ ይኑር፣ የሁለት ሳምንቱን ኪኒን ቆጥረው ይያዙ፣ ለመንገድ መዘግየትም ሦስት አራት ቀን ትርፍ ይጨምሩ። ቀዝቃዛ ውኃ ራሱ አስም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሰማያዊውን ፓፍ አብሮዎት የሚሄደው ሰው እንዲይዝልዎ ያድርጉ፤ እርስዎ ልብስዎን አውልቀው ሲገቡ ኪስዎ ውስጥ እንዳይቀር።