ወደ ኮቺ ለምትሄዱ ልጆቼ

በንግድ መርከብ ላይ በመሐንዲስነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት የምትገኘውን የኮቺን ወደብ በእነዚያ ዓመታት ደጋግሜ ረግጫታለሁ። ከተማዋን ያየኋት ግን ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ክሬኖቿንና መጋዘኖቿን ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ወላጆቻችሁን ለማሳከም ወደ ደቡብ ሕንድ ትሄዳላችሁ። አንድ ሁለት ቀን ተርፏችሁ ወደ ኮቺ ብትወርዱ፣ እኔ ያፈርኩበት ቦታ እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ፎርት ኮቺ በሚባለው አሮጌ ሰፈር የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፖርቱጋሎች መጀመሪያ ያቆሙት በ1503 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ውስጡ ጌጥ የሌለው፣ ጸጥ ያለ ነው። ወለሉ ላይ በአጥር የተከለለ አንድ የመቃብር ድንጋይ ታገኛላችሁ። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ኮቺ ላይ ሞቶ እዚያ ተቀበረ፤ አጽሙ ወደ ፖርቱጋል የተወሰደው በ1539 ነው። እኔም እንደ ሁሉም ጎብኚ ፎቶ አንስቼ ልወጣ ስል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው። «እንግዲያውስ የዚህ ሰው ልጅ የሞተው እናንተ ዘንድ ነው» አሉኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ታሪኩን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል የገባው፣ አጼ ገላውዴዎስን ለመርዳት ከኢማም አሕመድ ሠራዊት ጋር ሲዋጋ በ1542 ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የቫስኮ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ የፖርቱጋል ሕንድ ገዢ የነበረው ደግሞ የክሪስቶቫኦ ወንድም ነበር። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄ፣ ለፈተና ጽፌ ረስቼዋለሁ። የአባትየውን ስም ድንጋይ ላይ ሳነብ እንኳ ልቤ ወደ አገሬ አልሄደም። ያስታወሱኝ ባሕር ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

ስለዚህ ከሻንጣችሁ በፊት የምታዘጋጁት ነገር አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የገዛ አገራችሁን የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ አንብቡ። ሌላው ሁሉ እዚያው ይገኛል፤ ይህን ግን ማንም አይሸጥላችሁም።

ያነበበ ሰው ማታንቸሪ የሚባለው ሰፈር ሲደርስ የሚያየው ሌላ ነው። የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል መጋዘኖቹን ሽታ ተከትላችሁ ስትገቡ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1653 የቶማስ ክርስቲያኖች የተማማሉበት ቦታ እዚያ ነው። እነዚህ ምእመናን ክርስትናን ከሐዋርያው ቶማስ እንደተቀበሉ የሚያምኑ፣ ከፖርቱጋሎች እጅግ ቀድመው በዚያ ምድር የኖሩ ናቸው። ፖርቱጋሎች በ1599 ከኮቺ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ጉባኤ ጠርተው በሶርያ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍቶቻቸውን አውግዘው አስቃጥለውባቸዋል። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጀስዊት ለሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንደማይገዛ ማለ። መስቀሉን በእጁ መንካት ያልቻለው እንዲዳረሰው ገመድ ታሰረበት፤ ሁሉም ገመዱን ይዞ ማለ። መስቀሉ ከገመዱ ጉተታ የተነሣ ጎበጠ ይላሉ፣ ስሙም እስከ ዛሬ «የጎበጠው መስቀል» ነው።

አሁን ወደ እኛ ተመለሱ። አጼ ሱስንዮስ በጀስዊቶች ተሰብከው ሃይማኖት ለወጡ፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በኮቺ ያ መሐላ የተፈጸመው ከዚህ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ሁለት ሕዝቦች በአንድ ባሕር ሁለት ዳርቻ፣ ከአንድ ዓይነት ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ትግል ታግለዋል። ዛሬም ከእነዚያ የቶማስ ክርስቲያኖች የወጣችው የማላንካራ ኦርቶዶክስና የእኛ ተዋሕዶ እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በ1965 አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። እምነታችሁ ሌላ ቢሆንም እንኳ እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ቁሙ።

በማታንቸሪ ቤተ መንግሥትና ምኩራብ ጎን ለጎን ናቸው። ቤተ መንግሥቱን ፖርቱጋሎች ለአካባቢው ንጉሥ ሠርተው ያበረከቱት ሲሆን ኔዘርላንዶች ከተማዋን በ1663 ከያዙ በኋላ አደሱት፤ ራማያና የሚባለውን የሂንዱዎች ጥንታዊ ታሪክ የሚያሳየውን የግድግዳ ሥዕል አትለፉት። በ1568 የተሠራው ምኩራብ ወለሉ ከቻይና በመጡ፣ በእጅ በተሣሉ ነጭና ሰማያዊ ጡቦች ተነጥፏል። ጫማ ይወልቃል፤ ቅዳሜ ዝግ ነው። ምእመናኑ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በእስራኤል የምትኖሩ ልጆቼ፣ በቤርሳቤህ አቅራቢያ ኔቫቲም በምትባል መንደር የኮቺ አይሁድን ቅርስ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ጀምሩ።

በፎርት ኮቺ ባሕር ዳር የተተከሉትን የቻይና የዓሣ ማጥመጃ መረቦች በፎቶ አይታችኋል። ሰው ሁሉ ጀንበር ስትጠልቅ ጥላቸውን አንስቶ ይሄዳል። እኔ ግን በሙያዬ እለምናችኋለሁ፣ አንድ ሰዓት ተቀመጡና አሠራራቸውን ተመልከቱ። ትልቁ ግንድ በአንድ ጫፉ መረቡን፣ በሌላው ጫፍ በገመድ የተንጠለጠሉ ድንጋዮችን ይዟል። ሚዛኑ እጅግ የተጠበቀ ስለሆነ አንድ ሰው ግንዱ ላይ ሲራመድ ክብደቱ ብቻ መረቡን ውኃ ውስጥ ያወርደዋል። ገመዶቹ ርዝመታቸው የተለያየ ነው፤ መረቡ ሲነሣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት እየነኩ ያርፋሉ፣ ሚዛኑም በየደረጃው እንደተጠበቀ ይቆያል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው። ሕይወቴን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳይ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። አጥማጆቹ ገመድ እንድትስቡ ይጋብዟችኋል፤ ሳቡ፣ የሚገባቸውንም ክፈሉ፤ የሚወጣው ዓሣ ጥቂት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው። በየብሱ በኩል ካለው የከተማው ክፍል፣ ከኤርናኩላም፣ ወደ ፎርት ኮቺ በመኪና አትሂዱ፤ በጀልባ ተሻገሩ። ቁርስ ላይ አፓም የሚባለውን የሩዝ ቂጣ ጠይቁ፤ ሊጡ የቦካ ነው፤ ዓይኑን ስታዩ የእናታችሁ ምጣድ ትዝ ይላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዳውያን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። እዚያ ስትደርሱ አረጋውያኑን ኢትዮጵያ የነበረ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ። እኔን ጀልባ ላይ ያገኘኝ ሰው እናቱ ዘንድ ወሰደኝ። እኒያ እናት ጅማ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። «እንደምን አደርክ?» ብለው በአማርኛ ተቀበሉኝ፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነበር። ስለ ጤናዬ ከጠየቁ በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የነበረው ዝግባ ዛሬም መኖር አለመኖሩን ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። በዚያው ዓመት ጅማ ወርጄ አየሁት፤ አለ። ፎቶውን በፖስታ ላክሁላቸው።