ቻርጀራችሁ ተርቦ እንዳይሆን

ልጆቼ፣

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን 35 ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ፒያሳ ነበርኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ አራት ኪሎ ተጠጋሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ቴፕና ዴክ ነበር። አሁን በሬን የሚያንኳኩት የሪሞት መኪና፣ አንዳንዴም ድሮን የያዙ ልጆች ናቸው። (ድሮን ያላችሁ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ እሱ የኔ ሙያ አይደለም።) ከአምስት ኪሎ የሚመጡ የምህንድስና ተማሪዎች አሉ። ገና ስምንተኛ ክፍል ያልደረሱም አሉ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ለመኪናዬ ባትሪ የትኛውን ቻርጀር ልግዛ?" በየቀኑ አፌ እስኪደርቅ ከምመልስ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

በቅርቡ አንድ ልጅ አዲስ ቻርጀር ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። "ጋሼ፣ ሸወዱኝ" አለኝ። "ገና ስጀምረው ይጠፋል።" ተቀብዬ አየሁት። ጀርባው ላይ 200 ዋት ይላል። ደህና ዕቃ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቻርጀር ግን በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ 12 ቮልት የሚሰጠው ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። "በምንድን ነው የምታሠራው?" አልኩት። ከቦርሳው የደህንነት ካሜራ አዳፕተር አወጣ። 12 ቮልት፣ 5 አምፔር።

ምንም አልተናገርኩም። ቴስተሬን ቻርጀሩ መግቢያ ላይ ያዝኩና "በል ጀምር" አልኩት። ባዶውን 12.1 ቮልት ያሳያል። ልጁ ቁልፉን ተጫነ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 11.4፣ 10.6፣ 9.8። ቻርጀሩ ጢጥ ብሎ ቆመ። ደገምነው። ያው ነው። አዳፕተሩን ስነካው እጅ ያቃጥላል።

"ቻርጀርህ አልታመመም" አልኩት። "ተርቧል።"

ለምን እንደተራበ አብረን አሰላነው። እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ባትሪያችሁን ገልብጣችሁ አንብቡና እንዲሁ አስሉ። የልጁ ባትሪ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፤ ባለ 4 ሴል፣ ማለትም ውስጡ አራት ትንንሽ ባትሪዎች የተቀጣጠሉበት፣ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት። አንድ የሊፖ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል፤ አራቱ ሲደመሩ 16.8። በስንት አምፔር ይሞላ? የተጻፈውን አቅም ለ1000 አካፍሉት። 5000 ከሆነ በ5 አምፔር፣ 2200 ከሆነ በ2.2። አንዳንዱ ባትሪ ላይ ከዚህ በላይ በፍጥነት ይሞላል ተብሎ ይጻፋል። እኔ አልደፍረውም። አንድ ሰዓት ብትጠብቁ ምን ትሆናላችሁ?

እንግዲህ 16.8 በ5 ሲባዛ 84 ዋት ነው። ይህ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ነው። ቻርጀሩ እየሞቀ የሚያባክነውም አለ፤ ለእሱ እኔ 15 በመቶ እይዛለሁ። 84ን ለ0.85 ስታካፍሉት ወደ 99 ዋት ይመጣል። በ12 ቮልት ከሆነ ከ8 አምፔር በላይ ማለት ነው። አዳፕተሩ ቢሞት 60 ዋት ነው የሚሰጠው። ልጁ በሙሉ ገንዘቡ ቻርጀር ገዝቶ፣ የሚቀልበውን ነገር ከቤት ቆሻሻ ውስጥ ነው የፈለገው። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የሚያሳስታችሁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አምፔር ነው። "6 አምፔር" ይላል፤ ከሥሩ በትንሹ "50 ዋት"። 50ን ለ16.8 አካፍሉት፤ 3 አምፔር አይሞላም። ውሸት አልጻፉም። ለትንሽ ባትሪ 6 ይሰጣል፤ ለባለ 4 ሴል ግን አቅሙ አይፈቅድለትም። ያ 5000ው ባትሪ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሴል አንድ መኪና ብቻ ካላችሁ ይህችው 50 ዋት ትበቃችኋለች፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ባለ 4ና ባለ 6 ሴል ከሆነ ግን ከ100 ዋት በታች አትመልከቱ።

ቻርጀሩን የሚቀልበውን ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ከምትፈልጉት ሩብ ያህል አስበልጣችሁ ግዙ። ለዚያ ልጅ የነገርኩት ለካሜራና ለኤልኢዲ ማስታወቂያ የሚሸጠውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የብረት ሳጥን ነው። 12 ቮልት፣ 12.5 አምፔር፣ 150 ዋት። መርካቶ አይጠፋም። "99 ካስፈለገ 100 አይበቃም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ሙሉ ቀን ጫፉ ላይ የሚሠራ ነገር ዕድሜ የለውም። ደግሞ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያወጣም። ብዙዎቹ ፓወር ሳፕላዮች ላይ የተጻፈው ዋት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ማንበብ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ገንዘብ ከሌላችሁ የድሮ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ፈልጉ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ስታገናኙት ይነሳል። ቢጫው 12 ቮልት ነው። ላዩ ላይ ያለው "450 ዋት" አያስጎምጃችሁ፤ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሆነ ለብቻው ተጽፏል፣ እሱን እዩ። የላፕቶፕ ቻርጀር የምታስቡም አላችሁ። እሱ 19 ቮልት ነው። ከትንንሾቹ ቻርጀሮች መካከል መግቢያቸው ከ18 ቮልት በላይ የማይቀበል አለ። ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትሰኩት።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከውጭ የመጣ ፓወር ሳፕላይ አንድ ሰው ሰጠኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ጎኑ ላይ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለችው፤ 115 እና 230 የምትል። እኔ ይህን ለስንቱ ልጅ አስተምሬአለሁ። ያን ቀን ግን ከሰው ጋር እያወራሁ ሳላይ ሰካሁት። መቀየሪያዋ 115 ላይ ነበረች። ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ክፍሉ በነጭ ጭስ ተሞላ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች፤ እኔ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ሲከፈት ሁለቱ ካፓሲተሮች እንደ ፈንዲሻ ፈንድተዋል። ለ200 ቮልት የተሠሩ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ላይ 300 አልፎ ነበር የመጣባቸው። እስከ ዛሬ ጎረቤት "ቦምቡ እንዴት ነው?" ይለኛል። የኛ መብራት 220 ነው። መቀየሪያዋን አይታችሁ፣ 230 ላይ አድርጋችሁ፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፉባት።

የዚህ ሳጥን ማሰሪያዎች ክፍት ናቸው። 220 ጣት በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ሸፍኑት። አርዙንም እሰሩ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የአርዝ ቦታ አለ፣ ከኋላ ግን ሽቦ የለም። ሳጥኑን ስትነኩት ጣታችሁን ነዘር ካደረጋችሁ ሳጥኑ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ አርዝ የላችሁም ይሆናል። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ደግሞ ማቀዝቀዣና ምድጃ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ አትደርቡት።

የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ለቻርጀሩ ስለምታሳየው ስለ ባላንስ ገመዷ ሳልናገር አላልፍም። ባለ 3 ሴል ባትሪ ላይ አራት ቀጫጭን ሽቦ ያላት ነጭ ሶኬት አለች። "ሳትሰካም ይሞላል" የሚል ልጅ አለ። አዎ ይሞላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ባትሪ ለካሁ። ጠቅላላው 12.60 ነው፤ ልክ ሙሉ ባትሪ። ሴል በሴል ስለካው 4.35፣ 4.20፣ 4.05። ድምሩ ያው 12.60 ነው። የመጀመሪያው ሴል ግን ከመጠን በላይ ጠጥቶ ለእሳት ተዘጋጅቷል። ወፍራሙን ገመድ ብቻ የሚያይ ቻርጀር ይህን በምን ያውቃል? ስለዚህ ባላንስ የሌለው ቻርጀር በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

መጨረሻ ላይ አምፔሩ ለምን እንደሚቀንስ የሚጠይቁኝም አሉ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን እንዴት ነው የምትሞሉት? መጀመሪያ ቧንቧውን ትለቁታላችሁ። አፉ ጋ ሲደርስ ታጠባላችሁ። ቻርጀሩም እንደዚያው ነው፤ ሴሉ 4.2 ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩን ያጠባል። ያ የመጨረሻው ክፍል ነው የሚያሰለቸው። አትንቀሉት።

ሜኑው ላይ የባትሪውን ዓይነት በትክክል ምረጡ። የሊፖ ባትሪ ለኒኬል ባትሪ በተሠራው ሜኑ የሞላ ልጅ አውቃለሁ። ኒኬል ሲሞላ ቮልቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቻርጀሩ የሚያቆመው ያን ሲያይ ነው። ሊፖ ዝቅ አይልም። እየጠጣ፣ እየጠጣ ይሄዳል። የልጁ ባትሪ እንደ ዳቦ አብጦ ነው የመጣልኝ። ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይሞላም፣ አይወጋም፣ አይጨመቅም። ጨዋታው አልቋል።

አልጋና ሶፋ ላይ አትሙሉ። የኔ ቦታ የሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ የተሰነጠቀ ምጣድ ነው። ባለቤቴ ልትጥለው ስትል ለምኜ አስቀረሁት። እናንተ ከተኛችሁ ቻርጀሩም ይተኛ። ፈተና ደርሶ መኪናውን ለሳምንታት የምትተዉ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ አታስቀምጡት፤ "ስቶሬጅ" የሚለውን ምረጡ፣ በሴል 3.8 ገደማ ላይ ይተወዋል።

የመብራቱ ነገር ቀረኝ። እየሞላችሁ መብራት ከሄደ ባትሪውን ንቀሉ፣ ፓወር ሳፕላዩንም ከሶኬት አውጡ። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ደቂቃ ክፉ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩት። ቻርጀር ስትገዙም በ220 ብቻ የሚሠራውን ትታችሁ የ12 ቮልት መግቢያም ያለውን ምረጡ፤ ምክንያቱን ያ ልጅ አሳይቶኛል። 150 ዋቱን ሳጥን ገዝቶ በመጣ ቀን ሰፈሩ ጨልሞ ነበር። እኔ ጋ ደግሞ ለሬዲዮ መሞከሪያ የማስቀምጠው የ50 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ አለ። ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 300 ዋት ሰዓት ነው። የልጁ ባትሪ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲታሰብ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ቻርጀሩን በወፍራም ሽቦ አሰርንለት። ቴስተሩን ራሱ ያዘው። 12.5 ነበር፣ ጀመረ፣ 12.2 ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ 5.0 አምፔር ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ አዲሱን ሳጥን ከነካርቶኑ አየውና "ጋሼ፣ ይሄንን ልመልሰው እንዴ?" አለኝ።