ሄሊኮፕተሩ የትርፍ ጊዜ አብራሪ መሆናችሁን አያውቅም

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ብዙ ወጣቶች ትደውሉልኛላችሁ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ኢራቅ ዘምተህ ከተመለስክ በኋላ ሥራህን ሳትለቅ እንዴት የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆንክ? እኔስ እችላለሁ?» በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። በግሪን ካርድ ሠራዊት መግባት እንደሚቻል የነገረኝ አብሮኝ ሌሊት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ተመዘገብኩ፣ የጭነት መኪና ሹፌር አደረጉኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር ከኩዌት ወደ ሰሜን ነዳጅና ውሃ ከሚያመላልሱት አንዱ ነበርኩ። ያኔ አብዛኛው መኪናችን ብረት ለበስ አልነበረም። ያገኘነውን ላሜራ በሩ ላይ እየበየድን፣ ወለሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት እየደረደርን ነበር የምንነዳው።

አንድ ቀን ከፊቴ ያለውን መኪና ፈንጂ መታው። ሹፌሩ ጓደኛዬ ነው። መንገድ ዳር አስተኛነውና የሕክምና ብላክ ሃውክ በራዲዮ ተጠራ። ሄሊኮፕተሩ ሲጠጋ የገዛ ንፋሱ አቧራውን አነሳውና ሁሉም ነገር ጠፋ። እኔ መሬት ላይ ቆሜ የራሴን ጫማ ማየት አልቻልኩም፤ እዚያ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እየታየው እንደሚያወርደው አላውቅም፣ ብቻ ድምፁ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና አረፈ። ጓደኛዬን ጭነው ሄዱ። ተረፈ። በኋላ እንደሰማሁት ያ አብራሪ አገሩ ላይ የትምህርት ቤት መምህር ነው። የትርፍ ጊዜ ወታደሮች የሚያገለግሉበት የናሽናል ጋርድ አባል ነው። ይሄ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። ሰኞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይችላል?

ጋርድ ማለት እንዲህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ትሠለጥናላችሁ፣ በዓመት ደግሞ 15 ቀን ትወጣላችሁ። አንድ ቅዳሜና እሁድ እንደ አራት የሥልጠና ጊዜ ይቆጠራል፣ በዓመት 48 ይሆናል። አብራሪ ከሆናችሁ ግን ይሄ አይበቃም። ከሥራ ወጥታችሁ ማታ ማታ የምትበሩበት ተጨማሪ ጊዜ አለ። ማስታወቂያው ላይ «በወር አንዴ» ሲባል አትመኑ። ለአብራሪ ሕይወቱ ነው።

ዋራንት ኦፊሰር፣ ማለትም አብዛኞቹ የሠራዊቱ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች የሚይዙት ማዕረግ፣ ለመሆን ዜግነት ግዴታ ነው። እኔን የጠቀመኝ ፕሬዚዳንት ቡሽ በጁላይ 2002 የፈረሙት ትእዛዝ ነው። በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ የነበርን ወታደሮች እንደ ሌላው ሰው ዓመታት ሳንቆጥር ለዜግነት ማመልከት ቻልን። ከዘመቻ ተመልሼ ቃለ መሐላ ፈጸምኩ፣ ወደ ጋርድ ተዛወርኩ፣ ፈተናውንና የሐኪም ምርመራውን አለፍኩ። ከዚያ አላባማ፣ የሠራዊቱ የበረራ ትምህርት ቤት ወዳለበት ፎርት ራከር ላኩኝ።

እዚያ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ መጽሐፍ ነው። ከአብራሪው መመሪያ ውስጥ ምዕራፍ አምስትና ምዕራፍ ዘጠኝ የሚባሉ አሉ። አምስቱ የሄሊኮፕተሩ ገደብ ነው፤ ስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ስንት ፍጥነት፣ ከዚህ በላይ አይሆንም የሚለው። ዘጠኙ ደግሞ አደጋ ሲመጣ የሚደረገው። ሁለቱንም ቃል በቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ ነው የምትይዙት። እንደ ዳዊት መድገም በሉት። ጠዋት ጠዋት አስተማሪው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ይጠይቀናል። በግምት የመለሰ ሰው ያን ቀን አይበርም።

ከዚያ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለ። ሆቨር የሚሉት። የእኔ መለማመጃ ቲኤች 67 የምትባል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነበረች። አስተማሪው መጀመሪያ ፔዳሉን ብቻ ሰጠኝ። ቀጥሎ በግራ እጅ የሚነሳውን ኮሌክቲቭ። በመጨረሻ የመሃሉን ዱላ፣ ሳይክሊኩን። ጨምድጄ ያዝኩት። ሄሊኮፕተሯ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ቀኝ ገፋሁ፣ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ግራ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ዥዋዥዌው እየባሰ መጣ። አስተማሪው ቬትናም የበረረ ሽማግሌ ነው። ወሰደና በአንዴ አቆማት። «ክንድህን ጭንህ ላይ አሳርፍ» አለኝ። «በሦስት ጣት ያዝ። አታንቀሳቅሰው፣ አስበው ብቻ።» ስምንት ቀን ፈጀብኝ። በዘጠነኛው ቀን ጣቶቼ ሲላሉ ቆመች። እጄ ሳይሆን ፍርሃቴ ነበር ሲያወዛውዛት የከረመው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ይቺን የምጽፈውም ለእሱ ብዬ ነው። ጦርነት ያስተማረኝ ግማሹ ነገር ለበረራ ጠላት ነበር።

ኮንቮይ ላይ፣ መኪኖች ተከታትለው ሲጓዙ፣ ሕጉ አንድ ነው፦ አትቁም። ፍንዳታ ሲሰማ ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ከአደጋው ቀጠና ትወጣለህ፣ ሐሳብ በኋላ ይመጣል። ይሄ ልማድ ሕይወቴን አትርፎታል። ወደ ብላክ ሃውክ ስንሸጋገር አንድ ቀን ሲሙሌተር በሚሉት በረራ አስመሳይ ማሽን ውስጥ አስተማሪው ከሁለቱ ሞተሮች አንዱን ገደለብኝ። መብራት በራ፣ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፣ እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ። የሞተሩን ማንሻ ሳብኩት። ደህናውን ሞተር ነው ያጠፋሁት። ማሽኑን ካቆመ በኋላ ዝም ብሎ ትንሽ አየኝና «ማን እያሳደደህ ነው?» አለኝ።

ያን ቀን ወደቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያችን ጥያቄ ሳስብ አደርኩ። እውነቱን ነው። ማንም እያሳደደኝ አልነበረም። ብላክ ሃውክ በአንድ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ መብረር ይችላል፤ መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩን ማብረርህን ትቀጥላለህ፣ ከዚያ የትኛው ሞተር እንደሆነ ትለያለህ፣ እጅህን ማንሻው ላይ ታደርግና ጎንህ ያለው አብራሪ አይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» እስኪልህ ድረስ አትነካውም። ሁለት ሰው የተቀመጠው ለዚህ ነው። ከዘመቻ የመጣችሁ ልጆች ይቺን ስሙኝ። ፍጥነታችሁን አትጣሉት፣ ግን መቼ እንደሚወጣ እናንተ ወስኑ።

በነገራችን ላይ አላባማ እያለሁ አንድ እሁድ ወደ ሰሜን ነድቼ ቱስኪጊ ሄድኩ። ጥቁር አብራሪዎች በ1941 መሠልጠን የጀመሩበት ቦታ ነው። ከዚያም በፊት ግን እዚያው ቱስኪጊ መካኒክነት የተማረ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ሰው በ1935 ኢትዮጵያ ሄዶ ከጣሊያን ጋር በነበረው ጦርነት የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኗል። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተምሯል፣ በ1954 አዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አርፏል። ሰውየው ከዚያ ወጥቶ ለአገሬ ሊበር ሄደ፣ እኔ ከአገሬ መጥቼ እሱ በተማረበት ምድር በረራ እማራለሁ። ሜዳው ዳር ቆሜ እንባዬ መጣ። ከአብራሪነት ጋር ዝምድና የለንም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ አለን።

ከትምህርት ቤት ተመርቃችሁ ክፍላችሁ ስትመለሱ ሌላው ትግል ይጀምራል። ዝገት ነው። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ ነበር የምሠራው። ሦስት ሳምንት ሳልበር ቆይቼ ስገባ፣ እጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ለማግኘት ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ግማሽ ሰከንድ ብቻ፣ ግን ይታወቀኛል። ደንቡ በ60 ቀን አንዴ ከበረራችሁ ይበቃል ይላል፤ በጨለማ ለማየት የምናደርገው የሌሊት መነጽርም እንዲሁ። ደንቡ የሚነግራችሁ ግን መብረር እንደሚፈቀድላችሁ ነው። ብቁ ናችሁ አይልም። ልዩነቱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሄሊኮፕተሩ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን የሚበር ሰው ይያዘው፣ ወይ በወር ሁለቴ የሚመጣ፣ አይለይም። ተራራውም አይለይም።

እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ይሄ ነው። የኮክፒቱን፣ አብራሪው የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ አሳትሜ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ፊቱ ወንበር አስቀመጥኩ። የመጥረጊያ እንጨት በጉልበቶቼ መካከል አቆምኩ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማጥፋት እጄን እያንቀሳቀስኩ፣ ድምፄን እያወጣሁ እበራለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም። በብዙ ዓመት ውስጥ እንደዚህ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ሥራን በተመለከተ፣ በ1994 የወጣ ሕግ አለ። ለውትድርና ግዳጅ ስትሄዱ አሠሪ ቦታችሁን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እናንተ ስትሄዱ የሚሸፍንላችሁ ባልደረባ ሕጉን አይበላም። የዓመቱን ፕሮግራም በጃንዋሪ አምጥታችሁ ስጡ፣ የእሱን የበዓል ፈረቃ ደግሞ እናንተ ሥሩለት።

ፊርማውንም አስቡበት። በእኔ ጊዜ በረራ የተማረ ሰው የአገልግሎት ግዴታው 6 ዓመት ነበር። ከ2020 ጀምሮ ሠራዊቱ ለአዲስ አብራሪዎች 10 ዓመት አድርጎታል። ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትፈርሙ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

አንድ ረቡዕ ማታ የመነጽር በረራ ነበረን። የሌሊት መነጽር የሚያሳያችሁ 40 ዲግሪ ብቻ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ርቀት ያታልላል፣ አንገታችሁን ሳታቋርጡ ማዞር አለባችሁ። ያን ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ኢራቅ እየመጣ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ሃንጋር ደረስኩ፣ ዝግጅቱን ጨረስን፣ የራስ ቁሬን አነሳሁ። ከኋላ የሚቀመጠው ክሩ ቺፍ፣ ሄሊኮፕተሩን የሚንከባከበው ወታደር፣ የስድስት ወር ሕፃን አለችው፣ ፎቶዋን ያሳየኝ ያን ቀን ነው። የራስ ቁሬን መልሼ አስቀመጥኩና «ዛሬ አልበርም» አልኩ።

ይቺን ቃል ለማውጣት ምን እንደጠየቀኝ የሚያውቅ የዘመተ ሰው ነው። ኮንቮይ ላይ «ዛሬ አልሄድም» ማለት በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይሂድና ይሙት ማለት ነበር። ዓመታት ቢያልፉም ውስጤ እንደዚያ ነበር የሚሰማው። ፊቴን እሳት በላው። አለቃ አብራሪው ግን «እሺ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ስሜን አጠፋ፣ ሌላ ቀን ጻፈ። በቃ። ማንም አልተናገረኝም።

በማግስቱ ለበረራ ሐኪሙ እንቅልፌን በተመለከተ እውነቱን ነገርኩት። ብዙዎቻችሁ ይሄን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። ፈቃዳችን ይነጠቃል ብላችሁ ነው። እኔም አራት ወር ከበረራ ታገድኩ። መራራ ነበር። ታከምኩ፣ ተናገርኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የበረርኩት በሙሉ ከዚያ በፊት ከበረርኩት የተሻለ ነው። የደን እሳት ላይ 660 ጋሎን ውሃ በባልዲ ተሸክመን ስንለቀው፣ ከሁለት ቶን በላይ ክብደት በአንዴ ሲወርድ፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ላይ ሲዘል፣ እጄ በሦስት ጣት ብቻ ይዞ የሚያረጋጋው ያኔ ነው።

ባለፈው ወር ይሄን ሁሉ ደጋግሜ የነገርኳት አንዲት ልጅ ማታ ደወለችልኝ። አፍጋኒስታን አገልግላ ተመልሳ፣ አሁን በጋርድ ትበራለች። ድምጿ የታፈነ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ ዛሬ አልበርም አልኳቸው» አለችኝ። ሌላ ቀጠሮ መቼ ሰጡሽ አልኳት። ማክሰኞ አለች። ቤቷ እስክትደርስ አብሬያት በስልክ ቆየሁ፤ ስለ ልጆቿ አወራን፣ የበሩን ቁልፍ ስትከፍት ሰማሁ።