መዝጊያው የሚከብድና አልፎ አልፎ የሚከሽፍ አሮጌ ማውዘር

ወንድሜ፣ ከአጎትህ የወረስከው የቤልጅግ ማውዘር ጠመንጃ መዝጊያው ሲነሳ እንደሚከብድ፣ አንዳንዴም ምላጩ ተስቦ ጥይቱ እንደሚከሽፍ ጽፈህ፣ ቶርኖ ቤት ላስሞርደው ወይ ብለሃል። እባክህ አታስሞርደው! መዝጊያውን የሚቆልፉት ጥርሶች የጠነከረው ላይኛው ቆዳቸው ብቻ ነው። ሞረድ ያንን ከላጠው ጥርሱ እየተበላ ይሄዳል፣ በመዝጊያውና በጥይቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ቀለሃው ተቀዶ ጋዙ ፊትህ ላይ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን በስምህ ጨርስ። ከዚያ ካዝናውን ባዶ አድርግ፣ ጥይቱ የሚገባበትን ቤት በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።

አሁን በባዶው ሞክር። መዝጊያውን ዝጋ፣ ምላጩን ሳትስብ እጀታውን አንሳ። እዚህ ላይ ከከበደ ጥርሶቹ የሚቀመጡበት ጎድጓዳ በደረቀ ግራሶ ተሞልቷል። ቀላል ሆኖ ምላጩን ከሳብክ በኋላ ብቻ ከከበደ ግን ነገሩ ውስጡ ነው። ይህ ማውዘር ሞላውን የሚወጥረው እጀታው ሲነሳ ስለሆነ ትንሽ ክብደት ተፈጥሮው ነው፤ ከልክ ካለፈ ውስጡ ያለው ግራሶ ጠንክሯል ማለት ነው። ያው ግራሶ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ስለሚያዘገየው ካፕሱሉ (በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው መለኮሻ) በስሱ ይመታል። እኔ ሁለቱንም ችግርህን የማየው ከዚህ ነው።

አፈታቱ እንዲህ ነው፦ ሞላው ተወጥሮ ሳለ ሴፍቲውን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርግ፣ በግራ ጎን ያለውን ማቆሚያ ወደ ውጭ ስበህ መዝጊያውን አውጣ። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነህ የኋላውን ክፍል ወደ ግራ እየጠመዘዝክ ፍታ። የመርፌውን ጫፍ ጠንካራ እንጨት ላይ ተክለህ ሞላውን ወደ ታች ተጫን፣ የኋላውን ራስ ሩብ ዙር አዙረህ አንሳው። ሞላው ኃይለኛ ነው፤ ፊትህን አርቅ፣ ቀስ ብለህ ልቀቀው።

ብረቱን ሌሊቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድረውና በነሐስ ብሩሽ እሸው። ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም። ካደረቅክ በኋላ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ። በተለይ በአዳማ ነፋስ ዘይት ከበዛ አቧራ ይይዝና ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የመርፌው ጫፍ ክብና ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከተሸረፈ ካፕሱሉን ስለሚበሳ ይቀየር።

ከሽፎብህ ከሆነ መዝጊያውን ወዲያው አትክፈት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። የቆዩ ጥይቶች ካፕሱል ጨው ስለሚተው ከተኩስ በኋላ የአፈሙዙን ቱቦ ውስጡን በፈላ ውሃ እጠብ። ዘይት ጨውን አያሟሟም፣ ዝገቱም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ጥይትም አንድ በአንድ በእጅ ወደ ቤቱ አትጣል፤ ካዝናው ውስጥ ተጭነህ አስገባ። አለበለዚያ የቀለሃ መንጠቆው በግድ ዘሎ ስለሚይዝ ሊሰበር ይችላል። የጣሊያን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ለ7.92 ማውዘር አይሆንም።

በመዝጊያውና በጠመንጃው አካል ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ፣ ወይም የተተኮሰው ቀለሃ ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካሳየ፣ የጦር መሣሪያ ባለሙያ ክፍተቱን በመለኪያ ሳያረጋግጥልህ አንድም ጥይት አትተኩስ።