በግ ለማድለብ ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በመንዝም ሆነ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ማድለብ ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት የፋጉሎን (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) ዋጋ ነው። እኔ ግን ከአውድማው ጀምሩ እላለሁ። የባቄላና የምስር ገለባ ከገብስና ከስንዴ ገለባ የተሻለ ፕሮቲን አለው፤ ተደባልቆ ከተከመረ ግን ጥቅሙ ባክኖ ይቀራል። ለየብቻ ከምሩ፤ የባቄላውን ለሚደልበውና ለምታጠባው አቆዩ።

የገብስ ገለባ ብቻውን በጉን ያቆየዋል እንጂ አያሰባውም። በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም የሚያዋጣው እሱን ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ገለባውን በስስ በስሱ እየደረደራችሁ አርከፍክፉበት፣ እየረገጣችሁ ጠቅጥቁ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን በአፈር አፍኑ። ቆላ ላይ 3 ሳምንት ይበቃል፤ በእኛ ብርድ 4 ሳምንት ጠብቁ። ሥራውን የሚሠራው ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ስለሆነ፣ ላስቲኩ ከተቀደደ አሞኒያው ያመልጣል፣ ገለባውም ይሻግታል። የነገውን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አናፍሱት። የተበጠበጠውን ዩሪያ በግ ከጠጣው ይሞታል፤ ባልዲውን ደጅ አትተዉ።

ፋጉሎ ከዚህ በኋላ ይምጣ። 20 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን የመንዝ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ድብልቅ ይበቃዋል፤ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ከ100 ግራም ጀምራችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድርሱት፤ ከተቻኮላችሁ ያስቀምጠዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የፉርሽካ ጣጣ አለ። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ሲበዛ በሽንት ቧንቧ ጠጠር ይፈጠርና ወንዱን፣ በተለይ ሙክቱን፣ ይዘጋዋል። እያማጠ ጠብ ጠብ ብቻ የሚያደርግ በግ ካያችሁ ሳታድሩ ሐኪም ጥሩ። ለመከላከል በ100 ኪሎ ድብልቅ 1 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና 1 ኪሎ ጨው ጨምሩ (ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ አላልኩም)፤ ውሃም አይጉደልበት።

ዳሽንና ሐበሻ ደብረ ብርሃን ስላሉ የቢራ አተላ ያጓጓችኋል። ጥሩ መኖ ነው፤ ነገር ግን ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነው፣ ጭነት የምትከፍሉትም ለውሃው ጭምር ነው። በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ ቶሎ የምታስጨርሱትን ያህል ብቻ ውሰዱ።

ፋጉሎ ስትገዙ ቁራሹን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱ። የሻገተውን «ለዶሮ ይሁን» እንዳትሉ፤ የሻጋታው መርዝ ከበግ ይልቅ ዶሮን ይጎዳል።